አንዱ ፋይል ላይ የቀየርኩት ምንዛሪ ሌላው ፋይል ላይ አይቀየርም (ፓይተን)

የፒያሳዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ የዘመድ ፔንሲዮን የእንግዳ መመዝገቢያና የደረሰኝ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። ትንሽ ፕሮግራም ናት። ዋና፣ ምዝገባ፣ ደረሰኝ እና ቅንብር የሚባሉ አራት ፋይሎች ብቻ ናቸው ያሏት። ለውጭ እንግዳ የክፍሉ ዋጋ በዶላር ነው የተቀመጠው፣ ሒሳቡ ግን በብር ይሠራል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ረግቶ አይቀመጥም፤ ስለዚህ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ጠዋት ስትገባ የዕለቱን ምንዛሪ ጽፋ ሥራ እንድትጀምር ነው የፈለግኩት።

ኮዱ በአጭሩ ይኼን ይመስላል። ስሞቹን በአማርኛ የጻፍኩት ፓይተን 3 ስለሚቀበል ነው፣ ትዕዛዞቹን ግን እዚህ ለማንበብ እንዲመች በአማርኛ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ። ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያህል ናቸው።

ቅንብር ውስጥ፦

    ምንዛሪ = 150

ደረሰኝ ውስጥ፦

    ፍሮም ቅንብር ኢምፖርት ምንዛሪ

    ዴፍ አስላ(ዶላር):
        ሪተርን ዶላር * ምንዛሪ

ዋና ውስጥ፦

    ኢምፖርት ቅንብር
    ኢምፖርት ደረሰኝ

    ቅንብር.ምንዛሪ = 152
    ፕሪንት(ደረሰኝ.አስላ(40))

6080 መምጣት ሲገባው 6000 ይመጣል። እዛው ዋና ውስጥ ቅንብር.ምንዛሪን ፕሪንት ሳደርገው ግን 152 ነው የሚለኝ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ደረሰኝ ያወጣል። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ክፍሎቹ ከወዲሁ ተይዘዋል። 80 ብር ትንሽ ብትሆንም ደረሰኝ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሰው ፊት ማውጣት አልፈልግም። እስቲ የምታውቁ አንድ በሉኝ።

ፈጣኑ

ቀላል ነው እህቴ። ደረሰኝ ውስጥ ያለው ፈንክሽን ላይ የመጀመሪያው መስመር «ግሎባል ምንዛሪ» ይሁን። ግሎባል ስላላልሽው ነው የማያውቀው።

ቁስቋም ሰፈር

@ፈጣኑ ወንድሜ፣ ይኼ አይፈታላትም። «ግሎባል» ማለት «ይህ ስም የፈንክሽኑ የግል ሳይሆን እዚሁ ፋይል አናት ላይ ያለው ነው» ማለት ብቻ ነው። ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ቫሪያብል ላይ ሥልጣን የለውም። ፓይተን ውስጥ ተራ ቫሪያብል ግሎባል ሲባል የአንድ ሞጁል (የአንድ ፓይተን ፋይል) ግሎባል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሞጁል የራሱ የስም መዝገብ አለው። በዛ ላይ ፈንክሽኗ ምንዛሪውን ታነበዋለች እንጂ አትቀይረውም፣ ለማንበብ ደግሞ ግሎባል ማለት አያስፈልግም።

@የፒያሳዋ ችግሩ ያለው «ፍሮም ቅንብር ኢምፖርት ምንዛሪ» የምትለው መስመር ላይ ነው። ይቺ መስመር ሁለት ነገር ትሠራለች። መጀመሪያ ቅንብርን ትጭናለች። ቀጥላ፣ በዛች ቅጽበት ቅንብር ውስጥ «ምንዛሪ» የሚለው ስም ምን እንደያዘ ታይና (150 ነው) ደረሰኝ ውስጥ «ምንዛሪ» የሚባል ሌላ ስም ፈጥራ እሱኑ 150 ታስይዘዋለች። ከዛች ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ስሞች አይተዋወቁም። አንቺ ዋና ውስጥ ሆነሽ «ቅንብር.ምንዛሪ = 152» ስትዪ የቅንብሩ ስም 150ን ለቆ 152ን ያዘ። የደረሰኙ ስም ግን የነገረው የለም፣ 150ን እንደያዘ ነው።

ጠዋት ባንክ ቤት ሰሌዳ ላይ ያለውን ምንዛሪ ደብተሩ ላይ ገልብጦ የሄደ ሰው፣ ከሰዓት ሰሌዳው ቢቀየር ደብተሩ አይቀየርለትም። የአሁኑን ቁጥር ከፈለገ ሰሌዳውን ራሱን ማየት አለበት። ሰሌዳውን ማየት ማለት ደግሞ ይኼ ነው፦

    ኢምፖርት ቅንብር

    ዴፍ አስላ(ዶላር):
        ሪተርን ዶላር * ቅንብር.ምንዛሪ

ሥራውን የምትሠራው ነጥቧ ናት። «ቅንብር.ምንዛሪ» የሚለው ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ወደ ቅንብር ሄዶ «አሁን ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

አራቱም ፋይል ቅንብርን ኢምፖርት ቢያደርገው አራት ቅንብር ይፈጠራል ብለሽ አትስጊ። ፓይተን አንድን ሞጁል ለመጀመሪያ ጊዜ ኢምፖርት ሲያደርገው ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያስኬድና ውጤቱን ሲስ.ሞጁልስ የሚባል ዲክሽነሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዛ በኋላ የመጣ ኢምፖርት ሁሉ ያንኑ የተቀመጠውን ነው የሚያገኘው፣ ፋይሉ እንደገና አይሠራም። ስለዚህ ቅንብር በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ብቻ ናት፣ ሁሉም የሚያያት እሷኑ ነው። የፓይተን ዶክመንቴሽን ላይ ያለው የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ገጽም በሞጁሎች መካከል ቫሪያብል ለመጋራት የሚመክረው ይኼንኑ መንገድ ነው፦ ለቅንብር የሚሆን አንድ ሞጁል ለብቻ ፍጠር፣ ሁሉም እሱን ኢምፖርት ያድርገው።

ማራኪ ግቢ

እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ክሩን እንዳላበላሽ እንጂ። የምታወሩት ትክክል ከሆነ እኔ ጋ ያለው ለምን ይሠራል? ለክፍል ፕሮጀክት አንድ ሞጁል ውስጥ «ተማሪዎች = []» የሚል ባዶ ሊስት አለኝ። ሌላው ፋይል «ፍሮም መዝገብ ኢምፖርት ተማሪዎች» ብሎ ወስዶታል። አንዱ ጋ አፔንድ ሳደርግ ሌላው ጋ ይታያል። ኢምፖርት ሲደረግ ተገልብጦ የሚቀር ከሆነ እንዴት ሆኖ ነው?

ቁስቋም ሰፈር

@ማራኪ ግቢ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ክሩንም አላበላሸህም። አየህ፣ ተገልብጦ የሚቀረው ስሙ እንጂ ዕቃው አይደለም። ሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ሁለት ስሞች አሉ፣ ሁለቱም ግን አንድን ሊስት ነው የያዙት። አፔንድ ስትል ስሙን አልነካህም፣ ሊስቱን ራሱን ነው የቀየርከው፤ ስለዚህ በየትኛውም ስም ብታየው ለውጡ አለ።

ግን ይኼን ሞክረው። መዝገብ ውስጥ የሆነ ፈንክሽን ጻፍና «ግሎባል ተማሪዎች» ካልክ በኋላ «ተማሪዎች = []» በል፣ ሊስቱን ባዶ ለማድረግ ብለህ። ከዛ ያንን ፈንክሽን ጥራው። ያኛው ፋይል የድሮዎቹን ተማሪዎች እንደያዘ ታገኘዋለህ። ምክንያቱም የእኩል ምልክቱ ስሙን ከሊስቱ ፈታና አዲስ ሊስት ላይ አሰረው። እንደዛ ከማድረግ «ተማሪዎች.ክሊር()» ብትል ግን ያንኑ ሊስት ስለምታራግፈው ሁለቱም ጋ ባዶ ይሆናል።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ሁለቱም ፋይል ውስጥ ፕሪንት(አይዲ(ተማሪዎች)) አድርግ። ሁለቱም ጋ የወጣው ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው። የተለያየ ከሆነ ተለያይታችኋል።

የ@የፒያሳዋ ምንዛሪ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ እንደ ሊስት ከውስጡ አይቀየርም። እሷ ያላት አማራጭ ስሙ የሚይዘውን መቀየር ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ነጥቧ የግድ የሆነችባት።

ማራኪ ግቢ

በጣም አመሰግናለሁ። ሞከርኩት፣ አይዲው ከእኩል ምልክቱ በፊት አንድ ነበር፣ በኋላ ተለያየ። አሁን ገባኝ።

የፒያሳዋ

@ቁስቋም ሰፈር እጅህ ይባረክ። ደረሰኙ 6080 አወጣ። ግን ምዝገባ ላይ ያለችው ፈንክሽን አሁንም በ150 ነው የምታሰላው፣ እዛ ደግሞ «ፍሮም» የሚባል ነገር የለም፣ በነጥብ ነው የጻፍኩት፦

    ኢምፖርት ቅንብር

    ዴፍ ቅድመ_ክፍያ(ዶላር, መጠን=ቅንብር.ምንዛሪ):
        ሪተርን ዶላር * መጠን / 2

ይቺ ለምን እምቢ አለች?

አዘዞ ነባር

ልጄ፣ እዚህ ላይ ልግባ። የፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ በእኩል ምልክት የምታስቀምጪው መነሻ ዋጋ የሚሰላው ፈንክሽኑ ሲጠራ ሳይሆን ሲፈጠር ነው። ፓይተን ፋይሉን ሲያነብ «ዴፍ» ላይ ሲደርስ ቅንብር.ምንዛሪን ያያል፣ 150 ነው፣ ከፈንክሽኑ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። አበቃ። ከዛ በኋላ ሺህ ጊዜ ብትጠሪው ያንኑ 150 ነው የሚያወጣልሽ። ነጥቡ አለ፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነበበው። እንዲህ አድርጊው («ነን» ማለት ምንም ዋጋ አልተሰጠም ማለት ነው)፦

    ዴፍ ቅድመ_ክፍያ(ዶላር, መጠን=ነን):
        ኢፍ መጠን ኢዝ ነን:
            መጠን = ቅንብር.ምንዛሪ
        ሪተርን ዶላር * መጠን / 2

አሁን ንባቡ ወደ ፈንክሽኑ ሆድ ስለገባ በተጠራ ቁጥር ይታያል። ለክላስም ተጠንቀቂ። ክላስ ስር፣ ከሜተዶቹ ውጪ «መጠን = ቅንብር.ምንዛሪ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ካለሽ እሱም ክላሱ ሲፈጠር ነው የሚነበበው። ፋይል አናት ላይ «ግማሽ = ቅንብር.ምንዛሪ / 2» ብለሽ ከሆነም ያው ነው። «መቼ ነው የሚነበበው?» ብለሽ ከጠየቅሽ ቦታውን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

እና ሌላም ልበልሽ። እኔ ብሆን ደረሰኝ የሚባለው ሞጁል ቅንብርን ጭራሽ ባያውቀው ነው የምመርጠው። ፈንክሽኑ «አስላ(ዶላር, ምንዛሪ)» ይሁንና ምንዛሪውን ዋና ይስጠው። ፈንክሽኑ ምን እንደሚፈልግ ቅንፉ ላይ ይታያል። ስትፈትኚውም አስላ(40, 152) ብለሽ 6080 መምጣቱን በአንድ መስመር ታያለሽ፣ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ቁጥር ቀይረሽ፣ ፈትነሽ፣ መልሰሽ ማስተካከል የለም። የሒሳብ ፈንክሽን የሚፈልገውን ሁሉ በበሩ ሲቀበል ነው የሚታመነው።

ፈጣኑ

@አዘዞ ነባር ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። አራት ፋይል ላላት ፕሮግራም ምንዛሪውን ከዋና ወደ ምዝገባ፣ ከምዝገባ ወደ ደረሰኝ እየተቀባበሉ ማድረስ አድካሚ ነው። መሀል ላይ ያሉት ፈንክሽኖች ምንዛሪውን አይጠቀሙበትም፣ ተሸክመው ብቻ ያሳልፉታል። ነገ ደግሞ የፔንሲዮኑ ስም፣ ከነገ ወዲያ የቫት መጠን፣ ከዛ የፕሪንተሩ ስም ሲጨመር የፈንክሽኑ ቅንፍ መስመር ሙሉ ይሆናል። ቅንብር በነጥብ ይበቃታል።

እንዲያውም ኢምፖርት ማድረግ ካልተፈለገ ቢልትኢንስ የሚባለው ሞጁል ላይ «ቢልትኢንስ.ምንዛሪ = 152» ቢባል ሁሉም ፋይል ውስጥ ያለምንም ኢምፖርት ይታያል። እኔ ተጠቅሜበት ሠርቷል።

አዘዞ ነባር

@ፈጣኑ ስለ መቀባበሉ ያልከው እውነት አለው። መሀል ያሉት ፈንክሽኖች ዝም ብለው ተሸካሚ ከሆኑ ፕሮግራሙ ይከብዳል። የእኔ ልክ ይኼ ነው፦ ሒሳብ የሚሠሩት ፈንክሽኖች በቅንፍ ይቀበሉ፣ ከላይ ያሉት፣ ማለትም ከሰው ጋር የሚያወሩትና አዝራር ሲጫን የሚጠሩት፣ ቅንብርን በነጥብ ያንብቡ። እንደዛ ሲሆን ቅንብርን የሚያውቀው ቦታ ጥቂት ይሆናል። ዋጋው የበዛ እንደሆነ ደግሞ አንድ ትንሽ ዳታክላስ (ዋጋዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ክላስ) ውስጥ ሰብስበህ እሱን አንዱን ማሳለፍ ትችላለህ፣ ቅንፉ አይረዝምም።

ቢልትኢንሱን ግን ተወው ልጄ። ይሠራል፣ አልካድኩም። ነገር ግን ፋይሉን የሚያነብ ሰው «ምንዛሪ» የሚለውን ቃል ያይና ከየት እንደመጣ የሚነግረው አንድ መስመር አያገኝም። ፕሪንትና ሌን የሚኖሩበት ቦታ ላይ የራስህን ስም መጨመር ማለት ነው። አንድ ቀን «ሰም» ወይም «ማክስ» የሚል ስም ብትሰጠው ደግሞ የፓይተንን የራሱን ፈንክሽን ለመላው ፕሮግራም ሸፈንከው፣ ከውጭ ያመጣሃቸው ላይብረሪዎች ሳይቀሩ ይበላሻሉ። ይቺ ፕሮግራም ነገ ሌላ ልጅ ይረከባታል። ለሱ እንዘንለት።

ቁስቋም ሰፈር

የጋሼ አከፋፈል ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ «ፍሮም» እርም ነው ብለን እንዳንሄድ። ፕሮግራሙ እየሠራ ጨርሶ ለማይቀየር ነገር ችግር የለውም። ቫት 15 በመቶ ነው፣ እንግዳ ተቀባይዋ ጠዋት ጠዋት አትቀይረውም። «ፍሮም ቅንብር ኢምፖርት ቫት» ብትዪ ምንም አይጎድልብሽም። ፈንክሽንና ክላስም እንደዛው። የሚቀየረው ነገር ላይ ብቻ ነው ነጥቧን አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ።

ደባርቅ መንገድ

ሰላም ናችሁ። ይኼን ሳነብ የኔም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ መሰለኝ። ደባርቅ ነኝ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች አስጎብኚና በቅሎ የሚመድብ ፕሮግራም አለኝ። ለየት ያለ የቅንብር ፋይል የለኝም፣ ቫሪያብሎቹን እዛው «ዋና» ፋይል ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። «ነጻ_በቅሎ = 0» ብሎ ይጀምራል፣ ከዛ ታች ላይ ከዳታቤዝ አንብቤ 12 አደርገዋለሁ። «ምደባ» የሚባለው ፋይል «ኢምፖርት ዋና» ብሎ ዋና.ነጻ_በቅሎን ያነባል። በነጥብ ነው ያነበብኩት! ግን 0 ነው የሚለኝ። ዋና ውስጥ ፕሪንት ሳደርግ 12 ነው። ንባቡ ያለው «ኢፍ __ኔም__ == "__ሜይን__"» ከሚለው ስር ነው፣ እሱ ይሆን?

ቁስቋም ሰፈር

@ደባርቅ መንገድ አዎ፣ በትክክል እሱ ነው። ዋና የሚባለውን ፋይል ተርሚናል ላይ ስታስኬደው ፓይተን «ዋና» ብሎ አይመዘግበውም። በቀጥታ የተነሳው ፋይል ሲስ.ሞጁልስ ውስጥ የሚገባው «__ሜይን__» በሚል ስም ነው። ከዛ ምደባ መጥቶ «ኢምፖርት ዋና» ሲል ፓይተን መዝገቡን ያያል፣ «ዋና» የሚባል የለም። ስለዚህ ያንኑ ፋይል እንደ አዲስ ከላይ እስከ ታች ያስኬደዋል፣ በዚህኛው ዙር ግን ስሙ «ዋና» ስለሆነ «ኢፍ __ኔም__» የሚለው ስር ያለው ንባብ አይሠራም። አሁን ከአንድ ፋይል የወጡ ሁለት ሞጁሎች አሉህ። አንዱ 12 አለው፣ ሌላው 0። ምደባ የሚያየው 0 ያለውን ነው።

ለማየት ከፈለግክ የዋና ፋይል የመጀመሪያው መስመር ላይ ፕሪንት(__ኔም__) ጻፍና አስኪደው። ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ አንዴ «__ሜይን__»፣ አንዴ «ዋና»።

መፍትሔው የጋራ የሆነውን ሁሉ ከዋና አውጥተህ ለብቻው ፋይል ማድረግ ነው። ዋና ሌሎችን ኢምፖርት ያድርግ፣ እሱን ግን ማንም ኢምፖርት አያድርገው። በዚሁም የዞረ ኢምፖርት ከሚያመጣው ኤረር ትድናለህ፤ ዋና ምደባን፣ ምደባ መልሶ ዋናን ሲጠራ አንደኛው ገና በግማሽ ተጭኖ እያለ ሌላው ስም ይፈልግበትና «በከፊል የተጫነ ሞጁል» የሚል ኤረር ይመጣል። ቅንብር ማንንም ኢምፖርት የማያደርግ፣ ሁሉም የሚያደርገው ፋይል ከሆነ ዙሩ አይፈጠርም።

ፋይሎችህን ፎልደር ውስጥ ከከተትካቸው ደግሞ ስሙን በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ ጥራው። አንዱ ፋይል «ኢምፖርት ቅንብር»፣ ሌላው «ፍሮም መተግበሪያ ኢምፖርት ቅንብር» ካለና ሁለቱም መንገድ ከተገኘ፣ ፓይተን የሚመዘግበው በስም ስለሆነ ያው ሁለት ቅንብር ይሆንብሃል።

ደባርቅ መንገድ

ሁለት ጊዜ ወጣ፣ እንዳልከው። ቫሪያብሎቹን «ጋራ» ወደሚባል ፋይል አወጣኋቸው፣ 12 አለኝ። ተባረክ ወንድሜ። ጎንደር ስወርድ ቡናው በኔ ነው።

የፒያሳዋ

እኔም ቅድመ ክፍያውን ጋሼ እንዳሉት አስተካከልኩት፣ ሒሳቡን የሚሠሩትን ፈንክሽኖች በቅንፍ እንዲቀበሉ አደረግኳቸው። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮግራሙ ተነሳና ምንዛሪው 150 ሆኖ ጠበቀን። ደግሞ ባለቤቱ ከቤቱ ሆኖ በስልክ እንዲያይ በድረ ገጽ እንዲሆን ይፈልጋል። በፍላስክ (በፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) ልሠራው ነው ያሰብኩት። ቅንብር እዛም ላይ ይሠራል?

ሰርቨር ጠባቂ

ሁለቱም ጥያቄሽ መልሱ አንድ ነው፣ ስለዚህ ደስ ይበልሽ።

የሞጁል ቫሪያብል የሚኖረው ሜሞሪ ላይ ነው፣ ያውም በአንድ ፕሮሰስ (በአንድ እየሠራ ባለ ፕሮግራም) ውስጥ። ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮት ይሞታል። መብራት ሲሄድ የሆነው ይኼ ነው፣ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ቅንብር ፋይል እንደገና ተነበበና የተጻፈው 150 መጣ። ቁስቋም ሰፈር «ቅንብር አንድ ብቻ ናት» ያለው ትክክል ነው፣ ግን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አንድ ማለት ነው። በድረ ገጽ ስታወጪው ጉኒኮርን የሚባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር በሦስት ዎርከር (ጥያቄ ተቀባይ ፕሮሰስ) ብታስነሺው ሦስት ፕሮሰስ ይኖርሻል፣ እያንዳንዱም የራሱ ቅንብር አለው። እንግዳ ተቀባይዋ 152 ስታስገባ ጥያቄው የደረሰው አንዱ ዎርከር ብቻ ያውቃል። ባለቤቱ በስልኩ ሲከፍት ሌላኛው ዎርከር ከመለሰለት 150 ያያል። ገጹን ሲያድሰው ምናልባት 152፣ ደግሞ ሲያድሰው 150። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት መፈለግ ሰው ያሳብዳል፣ አሁኑኑ ብትሸሺው ይሻላል።

መልቲፕሮሰሲንግ የሚባለውን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ልጅ ፕሮሰስ የሚያስነሳበትን፣ ለሚጠቀሙም ያው ነው። ልጅ ፕሮሰሱ ውስጥ የቀየርሽው ቅንብር ወደ ወላጁ አይመለስም። ሊኑክስ ላይ እስከ ፓይተን 3.13 ድረስ ልጁ በፎርክ (ወላጁን እንዳለ በመገልበጥ) ስለሚወለድ ቢያንስ ሲጀምር የወላጁን ዋጋ ይዞ ነበር፤ ከ3.14 ጀምሮ ግን መነሻው ፎርክሰርቨር ስለሆነ ያም ቀርቷል፣ ልክ እንደ ዊንዶውስ ሞጁሉን እንደ አዲስ ነው የሚጭነው። «ድሮ ይሠራልኝ ነበር» የሚል ሰው ካያችሁ መጀመሪያ የፓይተኑን ቨርዥን ጠይቁት። ትሬድ ግን ሌላ ነው። ትሬዶች አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆኑ ቅንብርን ይጋራሉ። ሁለት ትሬድ አንድን ቁጥር አንብቦ፣ ጨምሮ፣ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ግን በሎክ (ተራ በሚያስጠብቅ ቁልፍ) አጥሩት፣ አለዚያ የአንዱ ጭማሪ ይጠፋል።

ለአንቺ የሚሻልሽ ምንዛሪውን ከሜሞሪ አውጥተሽ ኤስኪውላይት በሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ የሚጫን ነገር የለውም። ቀንና ምንዛሪ የሚሉ ሁለት ኮለም ያሉት አንድ ቴብል ይበቃል። ቅንብር ውስጥ ያለውን «ምንዛሪ = 150» አጥፊና በምትኩ የመጨረሻውን መዝገብ አንብቦ የሚመልስ «የዛሬ_ምንዛሪ()» የሚባል ፈንክሽን አስገቢ። ሌሎቹ ፋይሎች ቅንብር.የዛሬ_ምንዛሪ() ብለው ይጠሩታል። መብራት ቢሄድ አለ፣ ዎርከር ቢበዛ ሁሉም የሚያነበው አንድ ፋይል ነው።

ፈጣኑ

ለአንዲት ቁጥር በየጊዜው ዳታቤዝ መክፈት ፍጥነት አይቀንስም?

ሰርቨር ጠባቂ

@ፈጣኑ ለዚህ ቤት አይታወቅም። አንድ መስመር ከኤስኪውላይት ማንበብ ሰው የማይሰማው ነገር ነው፣ ፔንሲዮኑ ደግሞ በደቂቃ አንድ ደረሰኝ እንኳ አያወጣም። እዚህ ላይ ለፍጥነት ብሎ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥ ስንሸሽ የመጣነውን ችግር መልሶ መጥራት ነው።

የፒያሳዋ

ሠራሁት! ቴብሉን ስፈጥረው ደግሞ አንድ ያላሰብኩት ነገር አየሁ። ባለፈው ሳምንት በ150 የወጣ ደረሰኝ እንደገና ፕሪንት ሳደርገው በዛሬው 152 አስልቶ ነው ያወጣው። እንግዳው የከፈለው 6000 ነው፣ ወረቀቱ 6080 ይላል። ይኼ ለሒሳብ ሠራተኛዋም ለግብርም ትልቅ ጣጣ ነው። በቀኑ ፈልጌ የዛን ዕለቱን ምንዛሪ ላምጣለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

አዘዞ ነባር

ደግ አየሽ ልጄ፣ ይኼን ቀድሞ የሚያይ ጥቂት ነው። በቀን አትፈልጊ። በአንድ ቀን ውስጥ ምንዛሪው ሁለቴ ቢቀየር ጠዋት የወጣውና ከሰዓት የወጣው ይምታታብሻል። የደረሰኝ ቴብሉ ላይ «ምንዛሪ» የሚል የራሱ ኮለም ጨምሪና ደረሰኙ በተቆረጠባት ሰዓት የነበረውን ቁጥር እዛው ጻፊበት፣ የብሩንም ድምር ጭምር። እንደገና ሲታተም ከራሱ መስመር ይነበብ፣ የዛሬን ምንዛሪ የሚጠራ አንድም ቦታ እዛ ላይ አይኑር። የዛሬው ምንዛሪ ለአዲስ ደረሰኝ የጋራ ነው፣ ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ግን ምንዛሪው የደረሰኙ ነው።

ብሩን ተንሳፋፊ ነጥብ ባለው ቁጥር፣ በፍሎት፣ አታስቀምጪ። ዴሲማል የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሚ፣ ወይም በሳንቲም ሙሉ ቁጥር አድርገሽ አስቀምጪው። ኤስኪውላይት የፓይተንን ዴሲማል በቀጥታ ስለማይቀበል በሳንቲም ማስቀመጡ ይቀልሻል።

የፒያሳዋ

እሺ ጋሼ፣ በሳንቲም አደርገዋለሁ። የድሮዎቹ ደረሰኞች ላይ ኮለሙ ባዶ ነው የሚሆነው፣ ወረቀቶቹ ፋይል ተደርገው ስላሉ ቅዳሜ ተቀምጠን ከልጅቷ ጋር ከወረቀቱ እያየን እንሞላቸዋለን።